አማቴና ባለካባው ጃፓናዊ

ከአማቴ ጋር የተጣላነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ጃፓናዊ ምክንያት። ሰውየው ጥቁር የላባ ካባ ይለብሳል፣ ያለፈ ዘመን የሚከፍት ቁልፍ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ቶኪዮ የምትባለውን ከተማ ከነሰዉ ሊያጠፋ ይፈልጋል። እኔ ይሙት አልኩ። አማቴ ይኑር አሉ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ ብዙም አልቆየም ነበር። ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል እንግዶች የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ በገባሁበት ዓመት እንግሊዝኛዬ ሰላምታ ላይ ያልቅ ስለነበር ቴሌቪዥን ላይ ቋንቋ የማይጠይቅ ነገር ስፈልግ የጃፓን ጀግኖችን አገኘሁ። ፊታቸውን በሄልሜት ስለሚሸፍኑ ሁሉን ነገር በእጃቸው ነው የሚናገሩት። ሲናደዱ ጡጫ ያነሣሉ፣ ሲያዝኑ አንገታቸውን ይደፋሉ። ከዜና አንባቢው ይልቅ እነሱ ገቡኝ። እንግሊዝኛው ከመጣ በኋላም አልተውኳቸውም። ባለቤቴ ይህን አውቃ ነው ያገባችኝ፤ ይተወዋል ብላ።

እንደኔ ያሉ ሌሎች ሰዎች እንዳሉ ያወቅሁት በሻትሌ ነው። አንድ ቀን የጫንኳቸው ሰዎች ከኤርፖርት እስከ ሆቴሉ ስለ አንድ ጀግና ቀበቶ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ፣ ሳልጠየቅ ገባሁበት። ከዚያ ወዲህ የማኅበራቸው አባል ነኝ። ሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ማንም የማይከራየው አዳራሽ ነበርና ሥራ አስኪያጁን ለምኜ አስፈቀድኩላቸው። በዚህ የተነሣ ማኅበሩ ውስጥ ሻትል ነጂ ሳይሆን ሚኒስትር መሰልኩ።

ሊቀመንበራችን በሥራ ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ፣ በር ሲገባ የሚያጎነብስ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቅዳሜ ሲሆን ከካርቶን ሠርቶ የመኪና ቀለም የቀባውን ጥሩር ለብሶ ይመጣል። ጥሩሩ ነሐሱ የምንለው የድሮ ጀግና ልብስ ነው፤ ነሐሱን ልጅ ሆኖ ነው ያየው፣ በሱም ቀልድ አይወድም። ወጣቶቹ አባላት ደግሞ የሚወዱት አዲሶቹን፣ የዓሣ ራስ የመሰለ ሄልሜት የሚያደርጉትን ሦስት ወንድማማቾች ነው። አሮጌዎቹ ዓሣዎቹን ይንቃሉ። ወጣቶቹ ነሐሱን ድስት ይሉታል። በዚህ ምክንያት ሰላምታ የተነፋፈጉ ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ነሐሱና ዓሣዎቹ አንድ ፊልም ላይ ሊገናኙ ነው፣ እሱም በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ በመሄድ ነው የሚል ወሬ መጣ። ማኅበሩ ተናወጠ። ካሴቱ ከጃፓን በፖስታ ሲደርስ ሊቀመንበሩ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥቶ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ይዞ አሳየኝ። ትርጉም ስለሌለው ጃፓንኛ የምትማር አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማይክ ይዛ፣ ስክሪኑ አጠገብ ቆማ እየሰማች ልትተረጉምልን ተስማማች።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ያን ሰሞን ከደሴ ለጥየቃ መጥተው ከአትላንታ ወጣ ብሎ ስኔልቪል ባለው ቤታችን ነበሩ። እኔና እሳቸው እንደ ደንቡ ነበርን። እንዴት አደሩ እላለሁ፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ፣ እሱ ነው ወሬያችን። እኔ ሳሎን ስገባ እሳቸው ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ ክፍላቸው፤ እሳቸው ሳሎን ሲገቡ እኔ ወደ ጋራዥ። በዚህ ዓይነት ተከባብረን ዓመትም መኖር እንችል ነበር።

አንድ ቀን ግን ቤት ውስጥ ብቻቸውን መዋል ሰልችቷቸው እግራቸውን ሊያፍታቱ ወጡ። ስኔልቪል ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ስለሌለ አንዱ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ከሥራ ስገባ የፖሊስ መኪና በራችን ላይ ቆሟል፤ አማቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ፖሊሱን ይመርቃሉ።

«እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው» አሉኝ ሲወርዱ። «መንገድ ላይ አይቶ ጫነኝ። ሒሳብ እንኳ አልተቀበለኝም።»

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ወሰነች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስትወስን ጓንት እንዳጠለቀች ነርስ ነው የምትሆነው። «ሁለተኛ ብቻቸውን እንዳይቀሩ። ቅዳሜ እኔ ደብል ነኝ፣ ሁለት ፈረቃ እሠራለሁ፣ ካንተ ጋር ይውላሉ።»

«ቅዳሜ እኮ ፊልሙ ነው።»

«ይዘሃቸው ሂዳ» አለች፣ እንደማልደፍር እርግጠኛ ሆና። እኔም እልክ ይዞኝ ይዣቸው ሄድኩ።

ኮሌጅ ፓርክ ደርሰን ፓርክ አድርጌ ወደ አዳራሹ ስንገባ፣ በር ላይ ዓሣ ራስ ያደረገ ሰው ሶዳ በስትሮ ሊጠጣ እየታገለ ነበር። አማቴ ቆም ብለው አዩት።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ልብስ ነው እማማ። ዛሬ በዓላቸው ነው።»

«በዓል ከሆነ ደግ» አሉና ገቡ። የሰው በዓል አይነኩም። ሊቀመንበሩ ከነጥሩሩ መጥቶ ዝቅ ብሎ ሰላም አላቸውና ከፊት ካለው ረድፍ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተማሪዋ ከጃፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፤ ነገሩ አማቴ ጆሮ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አንድዬ ነው የሚያውቀው።

ፊልሙ ጀመረ። ባለካባው ሰው፣ ማለትም ክፉው፣ የጨለማ መንግሥት ጄኔራል ነው። እናቱ ንግሥት ነበረች፤ ነሐሱ በወጣትነቱ ከነግንቧ አቃጥሏታል። ጄኔራሉ ያንን ዘመን የሚከፍት ቁልፍ አገኘ። ወደ ኋላ ሄዶ ነሐሱን ገና ጀግና ሳይሆን ይገድለዋል፣ እናቱም ትድናለች፣ ያን ጊዜ ቶኪዮ ትጠፋለች። ዓሣዎቹ ይህን ሰምተው ያረጀውን ነሐሱን ከጡረታው ቀስቅሰው አብረው ይከተሉታል።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉኝ አማቴ፣ ጄኔራሉ የጊዜውን በር ሲከፍት።

«ወዳለፈው ዘመን እማማ።»

«ምን ረስቶ?»

«እናቱን ሊያድን።»

አማቴ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፊልሙ የጄኔራሉ ሆነ። ጄኔራሉ እናቱ ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ፣ «ተመልከት፣ ተመልከት፣ አስተዳደጉን» አሉኝ። ዓሣዎቹ ሽማግሌውን ነሐሱን ገፍተው ቀድመው ሲሮጡ፣ «እነዚህ ባለጌዎች የማን ናቸው?» አሉ። ጀግኖቹ እነሱ ናቸው ብዬ አስረዳሁ። «ወላሂ አይመስሉም» አሉ።

መሐል ላይ የዐስር ሶላት ሰዓት ደረሰ። ልውጣ አሉኝ። ሊቀመንበሩ ስንነሣ አይቶ ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ዴኩን ፖዝ አደረገው። አንድም ሰው አላጉረመረመም። መስገጃቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቂብላው በየት በኩል ነው ሲሉ፣ ባለ ዓሣ ራሱ ሰው ኮምፓስ ካለው ቀበቶው ላይ አንብቦ ነገረን። የጀግናው ቀበቶ ውሸት ነው፤ ኮምፓሱ ግን እውነተኛ ነበር። እስኪሰግዱ ጫማቸውን ይዞ ቆመ። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ደግሞ በተገኘው ጊዜ ስለ ነሐሱ ዕድሜ ሊደባደቡ ደርሰው ነበር።

ተመልሰን ገባን። የፊልሙ ትልቁ ቦታ መጣ፤ ሽማግሌው ነሐሱ በእሳት መሐል ወጣቱን ራሱን አገኘውና እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። አዳራሹ በጭቅጭቅ ፈነዳ። የድሮው ተከታታይ ፊልም ላይ ሰው በሌላ ዘመን ያለ ራሱን ከነካ እንደሚጠፋ በግልጽ ተነግሯል። አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ ጮኸ። አንዱ ተናዶ ጥሎ ወጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንዳያመልጠው ተመልሶ ገባ። ተማሪዋን በትክክል አልተረጎምሽም ያሏት ነበሩ፤ መጨባበጥ ትርጉም አይፈልግም ብላ ማይኩን አስቀመጠች። ሊቀመንበራችን የካርቶን ሄልሜቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከደስታ ይሁን ከሐዘን እስከዛሬ አላውቅም።

አማቴን መጨባበጡ አልገረማቸውም። እሳቸው የሚያዩት ጄኔራሉን ነው። ጄኔራሉ የሚቃጠለው ግንብ በር ላይ ሲደርስ ዓሣዎቹ ሦስት ሆነው ከኋላው መቱት። እናቱ በመስኮት እያየችው ግንቡ ተናደ። እሱም በሩ ላይ እጁን እንደዘረጋ ሞተ።

«ውይ ልጄን» አሉ አማቴ።

ቀስ ብለው አልነበረም ያሉት። ደሴ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደሚባለው ነው ያሉት፤ የአዳራሹ ጭቅጭቅ ቆመ። ከኋላ ጥግ ላይ ጥቁር ካባ የለበሱ ጥቂት ልጆች ይቀመጡ ነበር፤ ጄኔራሉን የሚወዱ፣ ማኅበሩ ውስጥ ማንም የማይሰማቸው። አንዱ፣ በጣም ቀጭኑ፣ ተነሥቶ መጣና አማቴ ፊት ልክ ፊልሙ ላይ እንዳየነው ተንበርክኮ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አስነካ። አማቴ እንባቸውን ጠርገው እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጫኑና እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት። ልጁ ቀና ብሎ ፀጉሩን እየዳበሰ ምን አደረጉኝ አለኝ።

«ተመርቀሃል» አልኩት።

ጓደኞቹ ወዲያው ከኋላው ተሰለፉ።

ጠቡ የተነሣው ወደ ቤት ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ወሬ እያወራን ስለነበር መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኛል።

«እማማ፣ ከተማውን ሙሉ እኮ ሊያጠፋ ነበር» አልኳቸው።

«የቱን ከተማ?»

«ቶኪዮን።»

«ቶኪዮን አላውቃትም» አሉ። «እናቱን ግን አይቻታለሁ።»

«ብዙ ሚሊዮን ሰው አለ እዚያ።»

«ያስወጧቸዋ። ጀግና ያልካቸው ይበራሉ አይደል? እናቱን አውጥተው ለሱ ቢሰጡት ምን ይሆኑ ነበር? ይዟት ይሄዳል፣ ያበቃል።»

«ክፉ ሰው ነው እማማ።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና፣ «አንተ እናትህን ካየሃት ስንት ጊዜ ሆነህ?» አሉኝ።

እናቴ አዲስ አበባ ነው ያለችው። ከመጣሁ ጀምሮ አላየኋትም። በየጊዜው እሄዳለሁ እላለሁ፣ በየጊዜው አንድ ነገር ይመጣል። ነገሩ አጥንቴ ላይ ደረሰና፣ ሰው አጥንቱ ሲነካ የሚያደርገውን አደረግኩ። «እማማ፣ ላስቲክ የለበሰ ተዋናይ እኮ ነው» አልኩ። «ፊልሙ አልገባዎትም።»

ስኔልቪል ደረስን። ሲወርዱ በሩን ዘግተው፣ «አላህ ይስጥዎ» አሉኝ።

እርስዎ አሉኝ። ልጄ ይሉኝ የነበሩ ሰው። ወሎዬ ሲቀየም አይጮኽም፤ ያከብርሃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎን ስገባ ከመቀመጫቸው ይነሡልኝ ጀመር። ቁርስ ላይ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ለባለቤቴ፣ «ሻይ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው» ይሏታል። ባለቤቴ ዞር ብላ ስታየኝ አንገቴን እደፋለሁ፣ እንደ ጃፓኖቹ።

በሌላ በኩል የማኅበሩ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ጦርነት ከፍተዋል። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት የሚመጣው በስልክ መስመር ስለነበር እኔ የሚጻፈውን ሳነብ ቤታችን ስልክ የለውም። መጨባበጡ ነሐሱን አዋርዷል የሚሉ አሉ፤ አይ፣ የድሮው ሕግ ነው የተሳሳተው የሚሉ አሉ። መሐል ላይ ያ ቀጭን ልጅ ስለ አማቴ ጻፈ፤ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ለጄኔራሉ አለቀሱለት አለ። ከሌላ ስቴት ሰዎች መልስ ጻፉ። አማቴ ሳያውቁት የአንድ ወገን መሪ ሆኑ፤ እኔ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ከመሪዋ ጋር ተኳርፌአለሁ።

ባለቤቴ ታግሣ ታግሣ በመጨረሻ ሽማግሌ ጠራች። ሁለት ሰዎች እሑድ ቀትር ላይ መጡ። አንደኛው ዳውንታውን ሆቴሎች በር ላይ ታክሲ ይዘው የሚቆሙ የወሎ ሰው ናቸው፤ አማቴን በዘር ቆጥረው እህቴ ይሏቸዋል። ሁለተኛው አዲስ አበባ የሒሳብ መምህር የነበሩ፣ አሁን ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚቆጣጠሩ ሰው ናቸው። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባለታክሲው ዱዓ አደረጉና ጀመሩ።

«ጠባችሁ በምንድን ነው?»

«በአንድ ሰው ምክንያት ነው» አልኩ።

«ሐበሻ ነው?»

«ጃፓናዊ ነው።»

«የሥራ ጓደኛህ ነው?»

«አይ፣ ጋሼ። ፊልም ላይ ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። ባለቤቴ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁት። ባለታክሲው ወደ አማቴ ዞረው፣ «እህቴ፣ እውነት ነው?» አሏቸው።

«እናቱን ሊያወጣ ሲሄድ ገደሉት» አሉ አማቴ። «እሳቸው ደግሞ ደግ አደረጉ ይላሉ።» እሳቸው እኔ ነኝ።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያላየነውን አንፈርድም» አሉ። «ካሴቱ አለ?»

ካሴቱ አለ፤ ሊቀመንበሩ ቀድቶ ሰጥቶኝ ነበር። መጋረጃ ዘግተን አራታችንም ተቀመጥን። እኔ ተማሪዋ ያለችውን ካስታወስኩት እተረጉማለሁ። የሆነ ቦታ ላይ ግን፣ «እንደሱ አይደለም የተባለው» የሚል ድምፅ መጣ። አማቴ ናቸው። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያስታውሱታል፤ ስተረጉምላቸው የጨመርኩትን ሁሉ ጭምር። ቀስ በቀስ ትርጉሙን ተረከቡኝና እኔ ዴኩን የማዝ ሆንኩ።

ባለታክሲውን ያስጨነቃቸው መኪና ነው። የዓሣዎቹ መኪና መንገድ መሐል ቆሞ ማንም የቅጣት ቲኬት የማይጽፍበት ለምንድን ነው አሉ። መምህሩ ግን ትኩር ብለው ያዩ ነበር፤ የጊዜው በር ሲከፈት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «እናቱን ካዳናት፣ እናቱ አልሞተችም ማለት ነው። እናቱ ካልሞተች፣ ሊያድናት አይሄድም። ካልሄደ ደግሞ ማን አዳናት? ሪዋይንድ አድርገው።»

ሪዋይንድ አደረግኩ። ደግመው አዩት። ሦስተኛ ጊዜ አስደገሙኝ። መጨባበጡ ላይ ስንደርስ የድሮውን ሕግ ነገርኳቸውና ሶፋው ላይ ተፈናጠሩ። ማኅበሩ ውስጥ ከአሮጌዎቹ ጋር ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ታየኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ ባለታክሲው ፍርዱን ጀመሩ። «ትልቁ ጥፋት ሽማግሌ አለመላኩ ነው» አሉ። «አቃጥሏታል፣ እሺ፤ በጊዜው ሰው ተልኮ የደም ካሳው፣ ጉማው፣ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም። ፊልሙ ራሱ ውሸት ነው። በሒሳብ አይሆንም። የሕፃን ጨዋታ ነው፤ እናንተም ትልልቅ ሰዎች በዚህ መኳረፋችሁ ነውር ነው። ተነሡና ታረቁ።»

አማቴ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«የሕፃን ጨዋታ?» አሉ። «ልጅ እናቱ ስትቃጠል እያየ በር ላይ ሞተ፤ ይሄ ነው የሕፃን ጨዋታ?»

«በሒሳብ ግን...» አሉ መምህሩ።

«ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? ሰው በሒሳብ ነው እንዴ እናቱን የሚወድ?»

«ሒሳቡም ቢሆን ያስኬዳል፣ ጋሼ» አልኩ እኔ፣ ሳላስበው። «ሁለት የተለያየ ዘመን ይሆናል፤ ባንደኛው ሞታለች፣ ባንደኛው ድናለች። ጃፓኖቹ አስበውበታል።»

«በላቸው» አሉ አማቴ።

«ነሐሱም ቢሆን ጥፋቱን አምኗል እኮ። የተጨባበጠው ለዚያ ነው።»

«ንገራቸው ልጄ፣ ንገራቸው።»

መምህሩ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። ባለታክሲው ግን ልጄ የምትለዋን ሰምተው ኖሮ የመምህሩን ጉልበት ቸብ አደረጉና፣ «ፋቲሃ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ስትወጣ አማቴና እኔ በአንድ በኩል፣ መምህሩ በሌላ በኩል ሆነን እንጨቃጨቅ ነበር፤ የት ቦታ ላይ እንደታረቅን ጠየቀችኝ።

በዚያው ሳምንት እናቴ ጋ ደወልኩ። ከአማቴ ጋር ተጣልተን እንደነበርና ምክንያቱን ስነግራት ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «እሷ ልክ ናት» አለችኝ። መንገዱ ውድ ነው፣ ከሥራ ፈቃድ አላገኝም የሚለውን ሳልጀምር፣ ለጥምቀት እመጣለሁ አልኳት። ሄድኩም።

ከመሄዴ በፊት ማኅበሩ ሌላ ፊልም አሳየ፤ ዓሣዎቹ ብቻ ያሉበት። አማቴ አብረውኝ መጡ። ባለካባዎቹ ልጆች የክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር ከሆቴሉ ሎቢ አውርደው ጠበቋቸው። ፊልሙ ላይ ክፉ ሆኖ የመጣው አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ እናት የለውም፣ አይናገርም፣ ይንከባለላል። አማቴ ትንሽ አዩት። ትንሽ ቆዩና ጭንቅላታቸውን መደገፊያው ላይ አሳርፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ፊልሙ ሲያልቅ እንደተለመደው ክርክር ተነሣ። አሮጌዎቹ ፊልሙ ነሐሱን ስለረሳ ተናደዋል፣ ወጣቶቹ ድስት አላማረንም ይላሉ። ሊቀመንበሩ ግን ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ወደ አማቴ አሳየ። ሰዎቹ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ሳብ ሳብ አድርገው ጭቅጭቁን በሹክሹክታ ቀጠሉት።